ለቤት ክላይምበር ሲገዙ፦ ታጣፊው፣ ባለፒስተኑ፣ ባለማግኔቱና ባለፍሪሲዮኑ ጎን ለጎን

ቨርቲካል ክላይምበር ግድግዳ የሚወጡ ይመስል ቆመው እጅና እግርዎን እያፈራረቁ የሚሠሩበት ማሽን ነው። አንድ ዘንበል ያለ ምሰሶ አለው፤ በግራና በቀኙ መያዣና ፔዳል ይንሸራተታሉ፤ አንዱ ጎን ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ከትሬድሚል ጋር ሲተያይ የሚይዘው ወለል ትንሽ ነው። እግር ከፔዳሉ ስለማይነሳ በሩጫ ጊዜ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፈው ምት የለም። ክንድ፣ ትከሻና ጀርባም ሥራ አይፈቱም።

ፎቶ ላይ ሁሉም ክላይምበር አንድ ዓይነት ይመስላል። ነገር ግን አንዱ 15 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ታጣፊ ብረት ነው፤ ሌላው ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያቆመው የጂም ዕቃ ነው። የዋጋቸው ርቀትም ከአሥር እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ርቀት የሚፈጥሩት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ጂም ውስጥ ሬዚስታንስ የሚባለው ጫና ከምን እንደሚመጣ፣ እና ምሰሶው ሰው ተሸክሞ ሲንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚጸና። ስክሪኑ፣ የካሎሪ ቆጣሪውና የስልክ ማስቀመጫው ከእነዚህ በኋላ የሚታዩ ናቸው።

ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ጣሪያውን ይለኩ

ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ የማይታረመው ስህተት የጣሪያ ከፍታ ነው። የሚለካውም ሁለት ቁመት ነው። አንደኛው የማሽኑ ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያያል። ሁለተኛው ፔዳል ላይ የቆመው ሰው ቁመት ነው፤ የሚረሳው ይሄኛው ነው።

ሁለቱ ፔዳሎች እኩል በሚሆኑበት ቦታ ከወለሉ ያላቸውን ከፍታ ይውሰዱ፣ የራስዎን ቁመት ይደምሩ፣ ከጭንቅላት በላይ 15 ሳንቲሜትር ይተዉ። ለምሳሌ ፔዳሉ ዝቅ ሲል ከወለሉ 20 ሳንቲሜትር ላይ ከቆመና የእርምጃው ርዝመት 30 ሳንቲሜትር ከሆነ መሀሉ 35 ሳንቲሜትር ነው። ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ሰው 1.75 + 0.35 + 0.15፣ ማለትም 2.25 ሜትር ያስፈልገዋል። ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ የሚጠቀምበት ከሆነ በረጅሙ ሰው ያስሉ።

አሜሪካ ውስጥ ባለ 8 ጫማ የሚባለው ጣሪያ 2.44 ሜትር ስለሆነ ለዚህ ሰው ይበቃል። ቤዝመንት ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ 7 ጫማ ማለት 2.13 ሜትር ብቻ ነው፣ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ የሚያልፍበት ቦታ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ሊል ይችላል። እዚያ የሚለካው እስከ ቱቦው ሆድ ድረስ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኮርኒስ የተገጠመለት ቤት ከሆነም እስከ ኮርኒሱ፣ አምፖል ከተንጠለጠለም እስከ አምፖሉ ይለኩ።

ረጃጅሞቹ ማሽኖች ላይ ሌላ የተደበቀ ነገር አለ። ቁመቱ 2.30 ሜትር፣ የእግሩ ርዝመት 1 ሜትር የሆነ ማሽን ወለል ላይ አስተኝተው ገጣጥመው ልንሣው ቢሉ፣ ሲነሣ ጫፉ የሚደርሰው 2.51 ሜትር ነው፤ ሰያፉ ከቁመቱ ይረዝማልና። 2.40 ሜትር ጣሪያ ያለው ክፍል ውስጥ እየተነሣ ጣሪያውን ይመታል። ስለዚህ መጀመሪያ እግሩ ወለሉ ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ ምሰሶው ቀጥ ተደርጎ ይግባበት።

ታጣፊው፦ ጫናው የራስዎ ክብደት ነው

በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የታወቀው ማክሲክላይምበር መደበኛ ሞዴልና እሱን የሚመስሉት በርካታ ርካሽ ማሽኖች እዚህ ይመደባሉ። ሁለቱ ተንሸራታች ዘንጎች እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ በአንዱ ላይ ሲጫኑ ሌላው ይነሣል። የሚከብደው ሰውነትዎን ከፔዳል ወደ ፔዳል ማሸጋገሩ ብቻ ስለሆነ ጫና የሚጨምር ቁልፍ የለም። ይክበደኝ ካሉ ያለዎት ምርጫ ፍጥነት መጨመር ወይም እርምጃውን ማስረዘም ነው።

ይህ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ጉልበትዎ እየጨመረ ሲሄድ ግን ማሽኑ አብሮዎት አይከብድም። በዚያ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ቀጭኑ ምሰሶ መወዛወዝ ይጀምራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከወለል ከፍ ብሎ 15 ኪሎ ብረት ላይ ቆሞ ክብደቱን ግራና ቀኝ ሲያፈራርቅ፣ ብረቱ የሚደገፈው በእግሮቹ ስፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ታጣፊ ሲያወዳድሩ የእግሩን ስፋት ከሌላው ልኬት ሁሉ አስቀድመው ይመልከቱ። እኩል ዋጋ ካላቸው ሁለት ማሽኖች ሰፊውንና ከባዱን ይውሰዱ። «ቀላል፣ በአንድ እጅ የሚነሣ» የሚለው ማስታወቂያ እዚህ ዕቃ ላይ ድክመትን መናገር ነው።

ሻጩ የሚጽፈውን የክብደት ወሰን ደግሞ ሙሉውን አይውሰዱት። 110 ኪሎ ይይዛል ከተባለ እስከ 88 ኪሎ ድረስ ላለ ሰው ነው ብለው ያስቡ፤ አንድ አምስተኛውን ይቀንሱ ማለት ነው። ሰውየው ቆሞ አይደለም የሚጠቀምበት፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ፔዳልና አንድ ፒን (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቁመቱን የሚቆልፈው ብረት) ላይ በፍጥነት ይጫናል።

ታጣፊው የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው የቁመት ማስተካከያው ቀዳዳ ነው። ፒኑ ጥብቅ ካልተደረገ ክብ የነበረው ቀዳዳ እየሰፋ ሞላላ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ቢያጠብቁት ኳ ኳ ማለቱን አይተውም። ሁለተኛው ዘንጉ የሚንሸራተትባቸው የፕላስቲክ ሮለሮች ናቸው፤ አንድ ቦታቸው ተበልቶ ጠፍጣፋ ሲሆን ማሽኑ ይነጥራል። ሦስተኛው፣ ባለገመድ ከሆነ፣ ገመዱ ፑሊው ላይ የሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ክሩ መሰንጠር ሲጀምር ቀኑ ሳያልፍ ይቀየር። ገመዱ ከተበጠሰ የቆሙበት ፔዳል ድንገት ይወርዳል።

ሱቅ ውስጥ ከሆኑ የመያዣውን ጫፍ ይዘው ወደ ጎን ይግፉት። ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰና ብሎኖቹ ጠብቀው ካገኟቸው ሌላ ይፈልጉ።

ባለፒስተኑ፦ ጫናው ዘይት ነው

መልኩ ታጣፊውን ይመስላል፤ ነገር ግን በግራና በቀኝ እንደ መኪና አሞርዛተር ያሉ ሁለት ፒስተኖች አሉት። ማክሲክላይምበር ኤክስኤል በዚህ ዓይነት የሚሠራ ነው። ፒስተኑ ውስጥ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ይገደዳል፤ ቁጥር የተጻፈበትን ቁልፍ ከፍ ወዳለ ቁጥር ሲያዞሩ ቀዳዳው ይጠባል፣ መግፋቱ ይከብዳል። መብራት አይፈልግም፣ ዋጋው መካከለኛ ነው፣ ጫናው ይስተካከላል። ከታጣፊው ወደ ላይ አንድ ደረጃ ለመሄድ የፈለገ ሰው በመጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ነው።

የዘይት ጠባይ ግን ሊታወቅ ይገባል። ሲሠራ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን በቀዳዳው ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ በቁጥር 6 የጀመሩት ሥራ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በኋላ በዚያው ቁጥር ቀሎ ይገኛል። ማሽኑ ተበላሽቶ አይደለም፤ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ነው። በየዕለቱ ያለዎትን ለውጥ ለመመዝገብ ካሰቡ ግን ይህ ጠባይ ያስቸግራል፤ የዛሬው 6 እና የትናንቱ 6 አንድ አይደሉም። ሕፃናት ቤት ካሉም ልብ ይበሉ፤ የፒስተኑ አካል ከሥራ በኋላ እጅ የማያስቀምጥ ትኩስ ሊሆን ይችላል።

ሲገዙ ሁለቱንም ፒስተን ለየብቻ ይፈትኑ። ቁጥሩን እኩል ያድርጉ፣ የግራውን ከዚያ የቀኙን በእጅዎ ይጫኑ። አንዱ ከሌላው ከቀለለ በየእርምጃው ወገብዎ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ዘንጉን በነጭ ሶፍት ይጥረጉት፤ ዘይት ሶፍቱ ላይ ከታየ ማሸጊያ ጎማው አልቋል ማለት ነው። እነዚህ ፒስተኖች አብዛኛውን ጊዜ ጫፋቸው ተጨፍልቆ ስለሚዘጋ ተከፍተው አይጠገኑም፤ የሚቀየሩት በሙሉ ነው። ስለዚህ «መለዋወጫ ፒስተን ለብቻው ይሸጣል?» የሚለው ጥያቄ ከዋስትናው ዘመን የበለጠ ዋጋ አለው። መልሱ አዎ ከሆነ በሁለቱ የብሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለውን ርዝመት በሚሊሜትር ይመዝግቡ፤ ሌላ ቦታ ለመፈለግ የሚያስፈልገው ቁጥር እሱ ነው።

ባለማግኔቱ፦ የማይነካካ ጫና

እዚህ እርምጃዎ አንድ የብረት መዘውር ያሽከረክራል፤ ማግኔቶች ወደ መዘውሩ ሲጠጉ ይከብዳል፣ ሲርቁ ይቀላል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ ድምፁ ዝቅተኛ ነው፣ እንደ ፍሬን የሚያልቅ ሸራም ሆነ የሚቀጥን ዘይት የለም። ቁጥር 6 ዛሬም ነገም ያው ስለሆነ ሥራዎን እየመዘገቡ ለማደግ ይመቻል። ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለሚጋሩ ሰዎች ይህ ዓይነት የተሻለው ነው።

በዚህ ወገን ስሙ የሚነሣው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው ሲኤልኤምቢአር (CLMBR) ነው፤ ትልቅ ስክሪን ይዞ በምዝገባ ክፍያ ትምህርት የሚያስተላልፍ ሆኖ ነበር የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኩባንያው በሌላ የስፖርት መሣሪያ ድርጅት ተገዝቷል። ይህን የምናነሣው ማሽኑን ለመንቀፍ አይደለም፤ በወርኃዊ ክፍያ የሚሠራ ማንኛውም መሣሪያ ዕድሜው ከባለቤቱ ድርጅት ዕድሜ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ነው። ሲገዙ አንድ ጥያቄ ያስቀድሙ፦ ምዝገባው ቢቋረጥ ጫናውን ማስተካከልና እርምጃ መቁጠር ይቻላል? በጽሑፍ አዎ ካልተባለ፣ ስክሪን የሌለውን ወይም በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለውን ይምረጡ።

ስክሪን ያለው ማሽን ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ከሆነ የቻርጀሩን ጽሑፍ ያንብቡ። «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ካለ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ይበቃል። «120 ቮልት» ብቻ ካለ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ባለፍሪሲዮኑ፦ የጂሙ ዕቃ

ቨርሳክላይምበር ከ1980ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ የስፖርት ቡድኖችና ጂሞች የሚታወቅ ነው። ምሰሶው 75 ዲግሪ ዘንበል ብሏል፤ እርምጃው ከ2.5 እስከ 50 ሳንቲሜትር ድረስ በሰውየው ፈቃድ ይረዝማል፣ ያጥራል። በዚህ ወገን በሚመደቡት ሞዴሎቹ ጫናው ከፍሪሲዮን፣ ማለትም ከክፍሎች መፋተግ ይመጣል። እጅና እግሩም በመስቀል ይሄዳሉ፦ ቀኝ እጅ ሲወጣ ግራ እግር ይወጣል፣ ልክ ስንራመድ ወይም ገደል ስንወጣ እንደምናደርገው።

ከብዙ የዋጋ ልዩነት ኋላ ያለው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ነው። በርካታ ታጣፊዎች ላይ መያዣውና ፔዳሉ በአንድ ዘንግ ላይ ስለተገጠሙ የአንድ ወገን እጅና እግር አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ክፉ ነገር አይደለም፤ ላብ ያወጣል፣ ልብም ያሠራል። ነገር ግን ወገብ የሚዞረው በመስቀሉ አካሄድ ነው፤ ለሩጫ ወይም ለተራራ መውጣት የሚዘጋጅ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ሳምንት ይረዳዋል። ሻጩ ይህን በጽሑፍ ስለማያስቀምጠው ቪዲዮውን ቆም እያደረጉ ይመልከቱ።

የቨርሳክላይምበር ጉድለቱ ዋጋው በሺዎች ዶላር መሆኑና ቁመቱ ነው። ከ2.40 ሜትር በታች ጣሪያ ላለው ሰው ሞዴሉን ከመምረጡ በፊት የማሽኑን ቁመት ከአምራቹ ወረቀት ላይ ማረጋገጥ ግዴታው ነው።

ጃኮብስ ላደር የሚባለውን ከዚህ ጋር የሚያወዳድሩ አሉ። እሱ 40 ዲግሪ ያጋደለ፣ እየተሽከረከረ የሚመጣ መሰላል ነው፤ እንደ ክላይምበር ቀጥ ያለ ስላልሆነ ወለል ላይ ብዙ ቦታ ይይዛል። ለጠባብ ቤት አናነሣውም።

ጎን ለጎን

| | ታጣፊ | ባለፒስተን | ባለማግኔት | ባለፍሪሲዮን |
|---|---|---|---|---|
| ጫና | የራስ ክብደት፣ አይስተካከልም | ይስተካከላል፣ ሲሞቅ ይቀላል | ይስተካከላል፣ አይለዋወጥም | ይስተካከላል |
| ድምፅ | የመገጣጠሚያ ሲጢጥታ | የዘይት ፉጨት፣ ሲጢጥታ | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| መብራት | ቆጣሪው ባትሪ | ቆጣሪው ባትሪ | ስክሪን ካለው ይፈልጋል | እንደ ሞዴሉ |
| ቶሎ የሚያልቀው | ሮለር፣ ፒን፣ ገመድ | የፒስተን ማሸጊያ | ስክሪንና ቻርጀር | ካቴናና ሮለር |
| ከተጠቀሙ በኋላ | ታጥፎ ከበር ኋላ ይቆማል | ብዙው ይታጠፋል | ቋሚ | ቋሚ |

ክብደትዎ ከ90 ኪሎ በታች ከሆነ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለ15 ደቂቃ መሥራት ካሰቡና ማሽኑን የሚያስቀምጡበት ቋሚ ቦታ ከሌለ ታጣፊው ይበቃዎታል፤ ከዚያ በላይ ገንዘብ አያውጡ። ሁለት ሦስት ሰው የሚጠቀምበት ቤት ከሆነ ባለፒስተኑ ይሻላል፤ እያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ያገኛል። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው ሁለቱንም አንመክርም። ማሽን የሚፈልገው ክብደት ለመቀነስ ሆኖ ሳለ የሚወዛወዝ ምሰሶ ላይ ማቆም ልክ አይደለም፤ ቋሚ ማሽን እስኪገዛ ድረስ ቁጭ ተብሎ የሚሠራበት ብስክሌት ይሻለዋል።

መንገድ፣ ወለልና ጎረቤት

ከውጭ በሻንጣ ይዞ መምጣት የሚያስቡ ሰዎች ክብደቱን ብቻ ያዩና ይሸወዳሉ። ታጣፊው ከ23 ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል፤ ግን በብዙ አየር መንገዶች የአንድ ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ተደምሮ ከ158 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። 125 በ40 በ20 የሆነ ካርቶን ድምሩ 185 ነው፤ ተጨማሪ ያስከፍላል። ካርቶኑን የሚያረዝመው የምሰሶው ቱቦ ስለሆነ ከመግዛትዎ በፊት የረጅሙን ክፍል ርዝመት ይጠይቁ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሴራሚክ ወለል ላይ በቀጥታ አያቁሙት፤ ይንሸራተታል፣ ድምፁም ወደ ታችኛው ቤት ይወርዳል። ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠጣር ጎማ ያንጥፉ። ስፖንጅ ወይም ለስላሳ የዮጋ ምንጣፍ አይሆንም፤ የማሽኑ እግር ስለሚሰምጥበት መወዛወዙን ያብሰዋል።

ሲገጥሙና ሲይዙት

ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያስገቡ፣ ማሽኑን ቀጥ አድርገው ካቆሙ በኋላ በውሃ ልክ እያዩ ያጥብቁ። አንዱን ጎን ቀድሞ ማጥበቅ ምሰሶውን ያጣምመዋል፤ ሮለሩም በአንድ በኩል ብቻ ይበላል። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሥራ በኋላ እንደገና ያጥብቁ፤ ቀለሙ ስለሚጨፈለቅ ብሎኑ ይላላል። ሮንዴላ ተርፎ ከተገኘ አይጣል፤ የሆነ ቦታ ጎድሏል ማለት ነው።

ሮለሩ የሚሄድበትን ሐዲድ በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በወር አንድ ጊዜ በጥቂቱ ሲሊኮን ስፕሬይ ይንፉበት። ግራሶ አይቀቡ፤ አቧራ ይሰበስብና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሮለሩን ይበላዋል። ሮለሩ ውስጥ ኩሽኔታ ካለ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። 608 ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ውስጡ 8፣ ውጪው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር የሆነ፣ በየትኛውም የኩሽኔታ ሱቅ የሚገኝ ነው። የተበላውን የፕላስቲክ ሮለር ደግሞ ቶርኖ ቤት ወስደው በናይለን ማስቀረጽ ይቻላል፤ ለናሙና ያልተበላውን ይዘው ይሂዱ፣ የተበላውን ከወሰዱ የሚቀረጽልዎት ያነሰ ነው።

ቆጣሪው መቁጠር ካቆመ ባትሪውን ይቀይሩ። አሁንም ካልቆጠረ ተንሸራታቹ ላይ ያለችውን ትንሽ ማግኔትና ምሰሶው ላይ ያለውን ሴንሰር ይመልከቱ፤ ሲተላለፉ ክፍተታቸው ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ከሆነ አይነበብም። የሚያሳየውን ካሎሪ ግን አይመኑት፤ ክብደትዎን ያልጠየቀ ቆጣሪ ያቃጠሉትን ሊያውቅ አይችልም። የሚጠቅመው የእርምጃው ብዛትና ደቂቃው ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 20 ሰከንድ ሠርቶ 40 ሰከንድ ማረፍ፣ ይህን 8 ጊዜ መደጋገም ይበቃል፤ እርምጃው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይሁን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው የሰመረለትን ቁጥር እዚህ ሊያገኘው አይችልም፤ ትንፋሹ እስኪለምድ ይቀንስ። የእግር ጣት ከደነዘዘ ክብደቱ ፊት ላይ አርፏል ማለት ነው፤ ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያሳርፉ። ትከሻ ካመመዎት መያዣውን በፒኑ አንድ ቀዳዳ ዝቅ ያድርጉት፤ ከፍ ያለው እጅ ከግንባር በላይ መሄድ የለበትም። የልብ ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር፤ ክላይምበር በደቂቃዎች ውስጥ የልብ ምትን በጣም ከፍ ያደርጋል።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ሻጩ «ብዙም አልተሠራበትም» ቢልዎት መልሱ ሮለሩ ላይ ነው። ማሽኑን ባዶውን ቀስ አድርገው ከላይ እስከ ታች ያንሸራቱት፤ በአንድ ቦታ የሚንቀጠቀጥ ወይም የሚይዝ ከሆነ ሮለሩ ተበልቷል። ከዚያ የማጠፊያውን ብየዳ ዙሪያ በስልክ መብራት ይዩት። ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ከተሰነጠቀና በስንጥቁ ውስጥ ዝገት ከታየ ብረቱ ራሱ ተሰንጥቋል፤ በማንኛውም ዋጋ አይውሰዱት።